በጌም ቦይ ካሴት ውስጥ ያለ ሴቭን ማትረፍ

ጌም ቦይ በእጅ የሚያዝ የኒንቴንዶ ጌም መጫወቻ መሣሪያ ነው። ካርትሪጁ፣ በተለምዶ አጠራሩ ካሴት፣ ሁለት ነገር ይይዛል፤ ጌሙንና የተጫዋቹን ሴቭ፣ ማለትም ጨዋታው የደረሰበትን ቦታ የሚያስታውሰውን መረጃ። ጌሙ ፋብሪካ ውስጥ ሮም ቺፕ ላይ ስለተቀረጸ በቀላሉ አይጠፋም። ሴቩ ግን በአብዛኞቹ ካሴቶች የሚቀመጠው ኤስራም በሚባል፣ ኤሌክትሪክ በተቋረጠበት ቅጽበት የያዘውን ሁሉ በሚረሳ ቺፕ ላይ ነው። መሣሪያው ጠፍቶ፣ ካሴቱ መሳቢያ ውስጥ ተጥሎ ሳለ ይህን ቺፕ የሚመግበው በውስጡ የተበየደ ክብ ባለ 3 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ነው፤ የመኪና ሪሞትና የኮምፒውተር ማዘርቦርድ ውስጥ የሚገባው ዓይነት። ባትሪው ሲሞት ሴቩም አብሮ ይሞታል። ኒንቴንዶ ጌም ቦይን ጃፓን ውስጥ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1989 ስለሆነ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)፣ የመጀመሪያ ባትሪውን እስካሁን የያዘ ካሴት ሁሉ ጀንበሩ ያዘቀዘቀ ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል አጭር ነው። መጀመሪያ ሴቩ ወደ ኮምፒውተር ይገለበጣል፣ ቀጥሎ ባትሪው ይቀየራል፣ በመጨረሻ ሴቩ ወደ ካሴቱ ይመለሳል። ባትሪውን አስቀድሞ የነቀለ ሰው እጁ ላይ የሚቀረው አዲስ ባትሪ ያለው ባዶ ካሴት ነው።

የትኛው ካሴት ምን ይዟል?

ባትሪ የሌላቸው ካሴቶች ብዙ ናቸው። ቴትሪስ ለምሳሌ ከፍተኛ ውጤት እንኳ አያስቀምጥም፤ መሣሪያው ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል። ባትሪ ካላቸው መካከል የዜልዳው ሊንክስ አዌክኒንግ (1993) 8 ኪሎባይት ኤስራም ሲኖረው፣ በ1996 ጃፓን ውስጥ የወጡት የመጀመሪያዎቹ ፖኬሞኖች 32 ኪሎባይት አላቸው። መሣሪያው በአንድ ጊዜ ማየት የሚችለው 8 ኪሎባይቱን ብቻ ስለሆነ፣ ትልቁን ማኅደር በየተራ የሚያቀርብለት ኤምቢሲ የተባለ ተቆጣጣሪ ቺፕ ካሴቱ ውስጥ አለ። ኤምቢሲ2 የተባለው ዝርያ የራሱን ጥቃቅን ማኅደር በውስጡ ይዟል፤ 512 ቦታ፣ በእያንዳንዱም 4 ቢት ብቻ። የቀሩት 4 ቢቶች ትርጉም የላቸውም፤ ስለዚህ ከዚህ ዝርያ የተገለበጡ ሁለት ቅጂዎች በእነሱ ቢለያዩ ሊያስደነግጥ አይገባም።

ብዙ ሐዘን የሚያስከትሉት ፖኬሞን ጎልድ፣ ሲልቨርና ክሪስታል ናቸው። እነዚህ ከሴቩ በተጨማሪ ቀንና ሌሊት የሚቆጥር ሰዓት አላቸው። የሰዓቱ ክሪስታል መሣሪያው ጠፍቶም ቢሆን በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል፤ የሚርገበገበውም ሴቩን በሚያኖረው በዚያው ባትሪ ነው። በ1999 የወጡት ጎልድና ሲልቨር ከታላላቆቻቸው ቀድመው ባዶ ሆነው የሚገኙት ለዚህ ነው።

ጌም ቦይ አድቫንስ (2001) ላይ ነገሩ ይለወጣል። አንዳንዱ ካሴት አሁንም ባለ 32 ኪሎባይት ኤስራምና ባትሪ ነው፤ ሌላው ግን ያለ ኤሌክትሪክ የሚያስታውስ ኢኢፕሮም (512 ባይት ወይም 8 ኪሎባይት) ወይም ፍላሽ (64 ወይም 128 ኪሎባይት) ይጠቀማል። ፖኬሞን ሩቢና ሳፋየር ሲከፈቱ የውስጥ ባትሪው ማለቁን የሚናገር ጽሑፍ ካሳዩ፣ የሞተው ሰዓቱ እንጂ ሴቩ አይደለም፤ ሴቩ ፍላሽ ላይ ነው። ይህን ባለማወቅ ሴቬ ጠፋ ብሎ አዲስ ጨዋታ ጀምሮ በአሮጌው ላይ የሚጽፍ ሰው፣ ባትሪ ያላጠፋበትን በገዛ እጁ ያጠፋል።

የባትሪው ዕድሜ

በብዛት የሚገኙት ሲአር1616 (ወርዱ 16፣ ውፍረቱ 1.6 ሚሊ ሜትር) እና ሲአር2025 (20 እና 2.5) ናቸው። የመጀመሪያው 50፣ ሁለተኛው 160 ሚሊ አምፔር ሰዓት ገደማ ይይዛል። ቺፑ 1 ማይክሮ አምፔር ይበላል ብለን ብናሰላ፣ ሲአር2025 ወደ 160,000 ሰዓት፣ ማለትም 18 ዓመት ያህል ያቆያል። ብዙ ቺፖች በእረፍት ጊዜ ከዚያም ያነሰ ስለሚበሉ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ሴቩ ያለ ካሴት ቢገኝ ተአምር አይደለም።

ባትሪውን በቴስተር መለካት ይቻላል። አዲስ ከሆነ ከ3 ቮልት ጥቂት አለፍ ይላል፤ ከ2.5 በታች ካነበበ የሚያዘገይ ነገር የለም፤ ኤስራም ቺፖች በአብዛኛው መረጃ ለመያዝ 2 ቮልት ይፈልጋሉና። ነገር ግን 3.0 ያነበበ ሰው እፎይ አይበል። ሊቲየም ባትሪ ቮልቴጁን እስከ መጨረሻው ገደማ ሳይለውጥ ይቆይና ከዚያ በድንገት ይወርዳል። ልኬቱ መሞቱን እንጂ ምን ያህል እንደቀረው አይናገርም።

ቅጂ ማውጣት

መገልበጫ መሣሪያዎቹ በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር ይገናኛሉ። ጂቢኤክስካርት ፍላሽጂቢኤክስ ከተባለው ነፃ ሶፍትዌር ጋር ይሠራል፤ ጂቢ ኦፕሬተር የራሱ ፕሮግራም አለው፤ አርዱዊኖ ሜጋ በተባለ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የሚገነባው የሳኒ ካርት ሪደር ደግሞ ኮምፒውተር ሳያስፈልገው ኤስዲ ካርድ ላይ ይጽፋል። የጌም ቦይና የጌም ቦይ ከለር ካሴት 5 ቮልት፣ የአድቫንስ ካሴት 3.3 ቮልት ይፈልጋል። ቮልቴጁ በእጅ በሚመረጥበት መሣሪያ ላይ ይህን መሳት የአድቫንሱን ካሴት ሊያቃጥል ይችላል።

ከሁሉ በፊት የካሴቱ የመዳብ ጥርሶች ይጸዳሉ። 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አልኮል ጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ላይ ነክሮ፣ ጥጡ ጥቁር ማውጣት እስኪያቆም ማሸትና እስኪደርቅ ጥቂት ደቂቃ መተው በቂ ነው። በአፍ እፍ ማለት የድሮ ልማድ ቢሆንም እርጥበት እንጂ ንጽሕና አያመጣም። ካሴቱ የሚገባውም የሚወጣውም መሣሪያው ኤሌክትሪክ ሳይኖረው ነው።

ከዚያ ሴቩ ሁለት ጊዜ ይገለበጣል። በመካከል ካሴቱን አውጥቶ መልሶ መክተት ጥሩ ነው። ሁለቱ ፋይሎች በሻ-1 ወይም በሲአርሲ32 (ከፋይሉ ይዘት በሚሰላ አጭር መለያ ቁጥር) ሲመሳከሩ አንድ ከሆኑ ቅጂው ይታመናል። መጠኑም ይታያል፤ 8,192 ወይም 32,768 ባይት። ባለ ሰዓት ካሴት ከሆነ ሶፍትዌሩ የሰዓቱን መረጃ መጨረሻ ላይ ሊጨምርና ፋይሉ በ44 ወይም በ48 ባይት ሊበልጥ ይችላል። ኢሙሌተር (ጌሙን ኮምፒውተር ላይ የሚያጫውት ፕሮግራም) አልቀበልም ካለ ብዙ ጊዜ ችግሩ ይኸው ጭማሪ ነው፤ ከቅጂው ቅጂ ላይ ትርፉን ቆርጦ መሞከር ነው።

የተበላሸ ቅጂ ፊቱ ላይ ይነበባል። በሄክስ ማሳያ (የፋይሉን ባይቶች አንድ በአንድ በሚያሳይ ፕሮግራም) ሲከፈት ከዳር እስከ ዳር ኤፍ ኤፍ (FF) ከሆነ፣ አንድ ጥርስ አልነካም ወይም የማኅደሩ በር አልተከፈተም። 32 ኪሎባይቱ አንዱ 8 ኪሎባይት አራት ጊዜ ተደጋግሞ ከሆነ ተራ መለዋወጡ አልሠራም፤ የኤምቢሲው ዓይነት በስህተት ተመርጧል ወይም የማዞሪያው መስመር ቆሽሿል። በየንባቡ የሚለያይ ከሆነ ደግሞ ወደ አልኮሉ መመለስ ነው። የመጨረሻው ፈተና ፋይሉን ኢሙሌተር ላይ ከፍቶ የራስን ስምና የተጫወቱበትን ሰዓት ማየት ነው። የጃፓን ሴቭ ከጃፓን ጌም፣ የእንግሊዝኛው ከእንግሊዝኛው ጋር ብቻ ይሄዳል፤ ስለዚህ የፋይሉ ስም የጌሙን ቋንቋና ቅጂው የወጣበትን ቀን ይያዝ።

መገልበጫ የሌለው ሰው ፖኬሞኖቹን ሁለት ጌም ቦይ በሚያገናኘው ሊንክ ኬብል ወደ ሌላ ካሴት ማሻገር ይችላል። የሚድኑት ግን እንስሳቱ ናቸው፤ ታሪኩ፣ ሜዳሊያውና ቦርሳው እዚያው ይቀራሉ።

ባትሪ መቀየር

የጌም ቦይ ካሴት የሚዘጋው በተራ ካቻቪቴ በማይፈታ ብሎን ነው፤ ጌምቢት የሚባለው ባለ 3.8 ሚሊ ሜትር መፍቻ ያስፈልጋል። አዲሱ ባትሪ በፋብሪካ የተበየዱ የብረት ምላሶች ያሉት መሆን አለበት። ምላስ በሌለው ባትሪ ላይ በቀጥታ መበየድ ሙቀቱን ወደ ሊቲየሙ ያስገባል፤ ባትሪው ሊያብጥና ሊፈነዳ ይችላል። ቁጥሩ አሮጌው ባትሪ ፊት ላይ ተጽፏል። በሲአር2025 ምትክ ወፍራሙን ሲአር2032 የሚያስገቡ አሉ፤ ዕድሜው ይጨምራል፣ ግን በአንዳንዱ ካሴት ሽፋኑ ጥብቅ ብሎ አይዘጋም።

መበየጃው 350 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይሞቅና የአሮጌው ባትሪ ምላሶች አንድ በአንድ፣ ለእያንዳንዱ ከሁለት እስከ ሦስት ሰከንድ፣ ጥቂት አዲስ ሊድ እየተጨመረበት ይለቀቃሉ። በካቻቪቴ ፈንቅሎ ማንሳት የሰሌዳውን የመዳብ መስመር ይዞ ይነሳል፤ በዚህ ሥራ ላይ በብዛት የሚታየው ጥፋት ይኸው ነው። ሰሌዳው ላይ የታተሙት የመደመርና የመቀነስ ምልክቶች ከባትሪው ጋር ይመሳከራሉ፤ ባትሪው በተቃራኒው ከገባ ሴቩ አይያዝም። በፕላስተር አጣብቆ መተውም ይታያል፤ ካሴቱ አንድ ጊዜ ወድቆ ግንኙነቱ ለቅጽበት ከተቋረጠ ግን ሴቩ የለም።

ካሴቱን የበራ ጌም ቦይ ላይ ሰክተው፣ ኤስራሙ ከመሣሪያው እየተመገበ ሳለ ባትሪውን የሚቀይሩ አሉ። ይሠራል፤ ነገር ግን የመበየጃው ጫፍ ከመሬት መስመር ጋር የተያያዘ ከሆነና አጠገቡ ያለውን ነገር ከነካ ሾርት ይሆናል፣ ሴቩም መሣሪያውም ሊሄዱ ይችላሉ። በእጅ ቅጂ ካለ ይህን መድፈር ምን ያደርጋል?

ባትሪው ከገባ በኋላ ኤስራሙ በዘፈቀደ ቁጥሮች ስለሚሞላ ጌሙ ሴቩ ተበላሽቷል ቢል ወይም አዲስ ጨዋታ ብቻ ቢያሳይ ልክ ነው። የተቀመጠው ፋይል ይጻፍበታል፣ ተመልሶ ይነበባል፣ ከዋናው ጋር ይመሳከራል። ካሴቱ አንድ ሌሊት አድሮ ጠዋት ሴቩ ካለ ብየዳው ይዟል።

ከባትሪ ጭራሽ መገላገልም ይቻላል። ኤስራሙን አንስቶ በቦታው ያለ ኤሌክትሪክ የሚያስታውሰውን ኤፍራም፣ ለ32 ኪሎባይት ኤፍኤም18ደብልዩ08ን፣ መበየድ ነው። ቺፑ 28 እግር ያለው ስለሆነ የጀማሪ ሥራ አይደለም። ለእነ ጎልድም ሙሉ መድኃኒት አይሆንም፤ ሰዓቱ አሁንም ባትሪ ይፈልጋል።