አዲስ አበባን በኮንትራት ታክሲ መጎብኘት

አዲስ አበባን በኮንትራት ታክሲ መጎብኘት ማለት አንድ እንግዳ ወይም አንድ ቤተሰብ መኪናን ከነሹፌሩ ለግማሽ ወይም ለሙሉ ቀን ይዞ፣ በመረጠው ሰዓትና በመረጠው ቅደም ተከተል ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረ ከተማዋን የሚያይበት አሠራር ነው። አስጎብኚ ድርጅቶች እንግዶችን ሰብስበው በአንድ መኪና ከሚያዞሩበት ጉብኝት የሚለየው መንገዱን የሚወስነው ተጓዡ ራሱ በመሆኑ ነው። ከተራው የታክሲ ጉዞ የሚለየው ደግሞ ሹፌሩ አውርዶ የማይሄድ፣ በየቦታው ቆሞ የሚጠብቅና እግረ መንገዱንም የሚያየውን ሁሉ የሚያስረዳ መሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

አሠራሩ ከከተማዋ አፈጣጠር ጋር የተያያዘ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ስትቆረቆር እንደ ብዙ አሮጌ ከተሞች በአንድ ገበያ ወይም በአንድ ቅጥር ዙሪያ አልተሰባሰበችም፤ መኳንንቱና የጦር አለቆቹ ከነተከታዮቻቸው በየኮረብታው ሰፈሩ፣ በመካከላቸው ያሉት ወንዞችና ገደሎችም ለረጅም ጊዜ ባዶ ቆዩ። ራስ ካሳ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ መኮንን ድልድይ የሚባሉት ስሞች የዚያ አሰፋፈር አሻራዎች ናቸው። በዚህ ምክንያት ሊጎበኙ የሚገባቸው ቦታዎች ተራርቀው ይገኛሉ፤ ከዚያም በላይ አንዱ ከሌላው በከፍታ ይለያያል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው እንጦጦና በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ600 ሜትር በላይ ነው። ከደጋማ አገር ያልመጣ እንግዳ ይህን ዳገት በእግሩ ልሞክረው ቢል ትንፋሹ ያጥረዋል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም መስመሩ ሁለት ብቻ ስለሆነ ከሙዚየሞቹና ከቤተ መንግሥቶቹ አብዛኞቹን አይነካም።

ለዚህ ሥራ የሚውሉት መኪኖች በዘመን ይለያያሉ። በከተማዋ ሰው ልብ ውስጥ የቀረችው በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት የገባችው፣ ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባችው ላዳ ናት። ወንበሯ ያረጀ፣ የመስኮቷ ማዞሪያ እጀታ አንድ ብቻ ሆኖ ሹፌሩ ከፊት ለፊቱ አውጥቶ ለጠየቀው ተሳፋሪ የሚያቀብላት ላዳ ዛሬም አልጠፋችም፤ ሆኖም የእንጦጦን ዳገት ሰው ጭና ስትወጣ ሞተሯ እንዳይግል እየተፈራ ስለሆነ ለሙሉ ቀን ጉብኝት የሚመርጣት ናፍቆት ያለው ሰው ነው ማለት ይቻላል። በኋላ ቢጫ ቀለም ያላቸው ሜትር ታክሲዎች ገቡ፤ ከዚያም ራይድና ፈረስን የመሳሰሉ በስልክ የሚጠሩ አገልግሎቶች ሥራውን ወረሱት። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች ቁጥር እየጨመረ መጥቷል።

ዋጋው በአብዛኛው የሚወሰነው በንግግር ነው። በስልክ የሚጠሩት ታክሲዎች ለአንድ ጉዞ የሚያስከፍሉት በኪሎ ሜትርና በሰዓት ተሰልቶ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ለሚውል ግን ሰውም ሹፌርም ስሌቱን ትቶ ቁርጥ ዋጋ መነጋገርን ይመርጣል። ንግግሩ የታወቀ አካሄድ አለው። እንግዳው «ውሎ ስንት ነው?» ሲል ሹፌሩ «የት የት ነው የሚሄዱት?» ብሎ ይመልሳል፤ ዋጋ ከተጠራ በኋላ «ኧረ አስተያየት አድርግ» ይባላል፣ «ነዳጁን አይተውታል ጋሼ» ይባላል፣ ከዚያም አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። በዚህ ጊዜ ሳይነሡ ቀርተው በኋላ ቅሬታ የሚፈጥሩት ነገሮች ይታወቃሉ፦ ነዳጁን ማን እንደሚችል፣ የመኪና ማቆሚያው በማን እንደሚከፈል፣ ከተባለው ሰዓት ቢያልፍ ጭማሪው ስንት እንደሆነ፣ እንጦጦ በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩ። ሹፌሮች እንጦጦን ለይተው የሚያዩት በርቀቱ ብቻ ሳይሆን ዳገቱ ነዳጅ ስለሚበላ ነው።

ሌላው ጥያቄ ሹፌሩ ምን ያህል አስጎብኚ ነው የሚለው ነው። ሕጋዊ አስጎብኚ ማለት ሥልጠና ወስዶ ፈቃድ ያወጣ ሰው ነው፤ የታክሲ ሹፌር የሚይዘው መንጃ ፈቃድ ነው። በተግባር ግን ሁለቱ ሥራዎች ይቀላቀላሉ። ሹፌሩ የነገሥታቱን ዘመን ሊያዛባ፣ የሐውልቱን ሠሪ ሊዘነጋ ይችላል፤ ነገር ግን የትኛው መንገድ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋጋ፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ እንደሚከፈት፣ የት ፎቶ ማንሣት እንደማይቻል ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። በአራት ኪሎው ቤተ መንግሥት አጥር በኩል ሲያልፉ «ካሜራውን ያውርዱት» የሚለው ማሳሰቢያ የሚመጣው ከእርሱ ነው። ሙዚየሞቹ በየውስጣቸው የራሳቸው አስረጂዎች ስላሏቸው፣ ታሪኩን ለእነርሱ ትቶ ከተማውን ከሹፌሩ መስማት ከሁሉ የተሻለ አሠራር ይመስላል።

መንገዱ በደንብ ከታሰበበት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ጠዋት፣ ጉሙ ሲገለጥ፣ ከእንጦጦ ይጀመራል። ምኒልክ ወደ ታች ወደ ፍል ውሃው ከመውረዳቸው በፊት የተቀመጡት እዚህ ነበር፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡትም በእንጦጦ ማርያም ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለው አሮጌ ቤተ መንግሥታቸው በእንጨትና በጭቃ ተሠርቶ በኖራ የተለሰነ ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው። በዓድዋ ጣሊያንን ድል ያደረገ መንግሥት ከዚህ ቤት መነሣቱ ብዙውን ጎብኚ ያስገርማል። በዙሪያው ያለው ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ሲሆን፣ የማገዶ እጥረት አዲሲቱን ከተማ ሊያስለቅቃት በተቃረበበት ጊዜ የተተከለ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የተራራው ከፊል እንጦጦ ፓርክ ሆኗል፤ ውስጡ በእግር ስለሚኬድ ታክሲው በር ላይ ይጠብቃል። ሲወርዱ ሽሮ ሜዳ አለ፤ የሐበሻ ልብስ ለመግዛት ያሰበ ሰው የሚወርደው እዚያ ነው።

ከሽሮ ሜዳ በታች ስድስት ኪሎ ነው፤ በዚህ ጉብኝት ውስጥ ከየትኛውም ቦታ ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው እርሱ ነው። በአደባባዩ የቆመው የየካቲት 12 ሐውልት ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ በፋሺስት ጣሊያን እጅ ያለቁትን ሰማዕታት የሚያስታውስ ነው፤ በጎኖቹ ላይ የተቀረጹት ምስሎች ግድያውንና ሐዘኑን ያሳያሉ። ከአደባባዩ ማዶ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ደግሞ ያ ታሪክ የተነሣበት ቦታ ራሱ ነው፦ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣው ሙከራ ሲከሽፍ ታግተው የነበሩት ሹማምንት የተገደሉትም በዚሁ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ሕንፃው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ሙዚየም ይዟል፤ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ክፍልም በቦታቸው ይታያሉ። በሕንፃው ፊት ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል። ጣሊያኖች እያንዳንዱን ደረጃ ለፋሺስት አገዛዝ አንድ ዓመት አድርገው ሠሩት፤ ከነፃነት በኋላ ከጫፉ ላይ አንበሳ ተቀመጠበት። ይህን ግቢ በግማሽ ሰዓት አይቶ ለመውጣት መሞከር ከንቱ ነው።

በአምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም በ1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው ሉሲ ወይም ድንቅነሽ ትገኛለች፤ ለጎብኚ የሚታየው ግን የአጥንቷ ቅጂ ነው። በአራት ኪሎ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የዐፄ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን መቃብር ይገኛል፤ ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ የተቀበሩት በ1993 ዓ.ም. ነው። በግቢው ለኢትዮጵያ ነፃነት የተሟገተችው እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስትም አርፋለች። በአቅራቢያው ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕዝብ የተከፈተው አንድነት ፓርክ የምኒልክን ቤተ መንግሥት ያስጎበኛል፤ እርሱ ግን ለብቻው ግማሽ ቀን ስለሚፈጅ ከሌላው ጋር ማጨቅ አይመከርም።

ፒያሳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፣ በ1923 ዓ.ም. የተመረቀው የምኒልክ የፈረስ ላይ ሐውልትና በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ በአንድ አካባቢ ስለሚገኙ ታክሲውን አቁሞ በእግር ማየት ይቀላል። መርካቶን በመኪና መስኮት ለማየት የሚመጣ ሰው ግን የሚያየው ከፊቱ የቆመውን የጭነት መኪናና ሸክም ይዘው የሚያልፉ ሰዎችን ብቻ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከአራዳ አንሥቶ ለአገሬው ሰው ለይቶ ያቋቋመው ይህ ገበያ በየተራው የሚኖር ነው፤ ሸማ ተራን ወይም ምናለሽ ተራን ለማየት ሹፌሩን ዳር ላይ አስቁሞ ቦታውን ከሚያውቅ ሰው ጋር መግባት ይሻላል። አሮጌ ብረትና ጣሳ ተቀጥቅጦ ምድጃና መጥበሻ የሚሆንበት ምናለሽ ተራ ከሙዚየም የማያንስ ነገር ያሳያል።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በፍጥነት የሚታለፍ ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ሲወረድ ትግላችን ሐውልት፣ ብሔራዊ ቴአትርና ከፊቱ ያለው የድንጋይ አንበሳ ከመኪና ሳይወረዱ ይታያሉ። በመስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግን መውረድን ይጠይቃል፤ ሕፃናት ይዘው የሚጎበኙ ሰዎች የተጎጂዎቹ ቅሪት በሚታይበት ክፍል ሊጠነቀቁ ይገባል። በአፍሪካ አዳራሽ የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም የመስተዋት ሥራ አለ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 ዓ.ም. የተመሠረተውም በዚሁ አዳራሽ ነው። በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ቀድሞ «ዓለም በቃኝ» የሚባለው ወህኒ ቤት በነበረበት ቦታ ላይ መቆሙን አብዛኛው ሹፌር ሳይጠየቅ ይናገራል።

እስካሁን የተጠቀሰው የማንኛውም እንግዳ መንገድ ነው። ከውጭ አገር ለገና ወይም ለጥምቀት የሚመጡ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የሚይዙት ውሎ ግን ሌላ መልክ አለው። ልጆቹ ሉሲን ማየት ይፈልጋሉ፤ አባትየው ደግሞ የተማረበትን ትምህርት ቤት፣ እናትየው ያደገችበትን ግቢ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት የፒያሳ፣ የዶሮ ማነቂያና የካዛንቺስ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ስለፈረሱ ይህ ፍለጋ ቀላል አይደለም። ሰፊ አስፋልት፣ የብስክሌት መንገድና መብራት ባለበት ቦታ ቆሞ «የእነ እትዬ እገሌ በር የት ጋ ነበር?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ካርታ አይመልስለትም። አሮጌ ሹፌር ግን የወፍጮ ቤቱን፣ የዳቦ ቤቱንና የውሃ ቧንቧውን ቦታ እየቆጠረ ያደርሰዋል። የኮንትራት ታክሲ ከማንኛውም የተደራጀ ጉብኝት የሚበልጠው እዚህ ላይ ይመስላል፣ ምክንያቱም በየትኛውም የጉብኝት መርሐ ግብር ውስጥ የሌለውን ቦታ ለአንድ ቤተሰብ ብሎ የሚፈልግ ሌላ የለም።

ሰዓትን በተመለከተ አንድ የታወቀ አለመግባባት አለ። የውጭ ዜጋ «ስምንት ሰዓት» ብሎ ሲቀጥር ጠዋትን ማለቱ ነው፤ ሹፌሩ የሚሰማው ከምሳ በኋላን ነው። ስለዚህ «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት» ብሎ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከቀናት መካከል እሑድ ለመንገድ ይመቻል፣ ነገር ግን የመርካቶ አብዛኛው ሱቅ ይዘጋል። በጥምቀት ወደ ጃንሜዳ፣ በደመራ ወደ መስቀል አደባባይ የሚወስዱ መንገዶች ይዘጋሉ፤ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በሚሰበሰቡበት ሰሞንም ከቦሌ ጀምሮ ያሉት ዋና ዋና መንገዶች ለአጀብ ሲባል ደጋግመው ስለሚዘጉ ውሎ መያዝ ገንዘብ ማባከን ነው። ክረምት ከሆነ እንጦጦ ላይ ጉም ከተማዋን ሊሸፍናት ይችላል፣ መስከረም ሲጠባ ግን ተራራው በአደይ አበባ ያምራል። በአውሮፕላን ማረፊያ የሚቆዩ ትራንዚት መንገደኞችም ቪዛ ካላቸው ለግማሽ ቀን ታክሲ ይይዛሉ፤ ለእነርሱ ከስድስት ኪሎ እስከ ፒያሳ ያለው በቂ ነው።

ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ወይም በቴሌብር ይፈጸማል። ደረሰኝ የሚያስፈልገው ሰው ከመጀመሪያው ፈቃድ ያለው ድርጅት መያዝ አለበት። ምሳ ሰዓት ላይ ሹፌሩን አብሮ ማስበላት የተለመደ ነው፤ ግዴታ ባይሆንም መኪና ውስጥ ትቶት የሚገባ እንግዳ በልቡ ይታዘበዋል። ጉርሻ ከተስማሙበት ዋጋ በላይ የሚሰጥ ነው፤ ውሎው ጥሩ ከሆነም ሁለቱ ስልክ ይለዋወጣሉ፣ ለሚቀጥለው ጉዞም እንግዳው በመተግበሪያው ሳይሆን በቀጥታ ይደውላል።