ካናዳ ውስጥ ሕግ ካለ ጥበቃ አለ? የነባር ሕዝቦች ሴቶች ስለ መደፈር ሲመሰክሩ የሚነገሩ ስህተቶች

«ካናዳ እኮ ለተደፈረች ሴት በቂ ሕግ አላት» የሚለውን ከሕግ ባለሙያዎች ጭምር መስማት ሰልችቶኛል። ሕጉ አለ፤ ማን፣ መቼ ሊጠይቅበት እንደሚገባ ግን የሚጨምር የለም።

ሌሎቹን ስህተቶች አስቀድሜ ላንሳ። «ቃሏ ብቻውን አይበቃም» ይባላል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 274 ደጋፊ ማስረጃ እንደማያስፈልግ ይደነግጋል። «ተከሳሹን እንዳታይ በችሎት ከሚዘረጋ መጋረጃ ጀርባ የምትመሰክር የምትደብቀው ነገር አላት» ይባላል፤ ሕጉ ይህን መሰል ግምት መውሰድን ይከለክላል። «ስሟ አደባባይ ይወጣል» ለሚሉ ደግሞ፣ ከጠየቀች ፍርድ ቤቱ ማንነቷ እንዳይታተም የማገድ ግዴታ አለበት።

ዋናው ስህተት ግን ሕግ መኖሩን እንደ ጥበቃ መቁጠር ነው። በ2015 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በኤድመንተን ከተማ ቤት አልባ የነበረች አንዲት የክሪ (ከካናዳ ነባር ሕዝቦች አንዱ) ተወላጅ፣ በደፈራት ሰው ላይ በቅድመ ምርመራ ችሎት ስትመሰክር በትኩረት መመለስ ስላቃታት ዳኛው እንድትታሰር አዘዙ። አምስት ሌሊት ታስራ አደረች፣ በሰንሰለት ታስራ መሰከረች፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜም ከተከሳሹ ጋር በአንድ የእስረኛ መኪና ተጓጓዘች። ተከሳሹ በመጨረሻ ጥፋተኛ ተባለ፤ እሷ ግን ከዚያ በፊት በሌላ አጋጣሚ ሞታ ነበር። ያን ጊዜ የሚያጽናና አጃቢም ሆነ መጋረጃ የሚፈቅዱ ድንጋጌዎች በሥራ ላይ ነበሩ፤ ከእስር አላዳኗትም።

በዚያው ከተማ በ2011 የተገደለችው የነባር ሕዝቦች ተወላጇ ሲንዲ ግላዱ ደግሞ ራሷ መመስከር አትችልም ነበር። የቀድሞ የወሲብ ሕይወትን በማስረጃነት ማቅረብን የሚገድበው አንቀጽ 276 ቢኖርም፣ በ2015ቱ ክርክር የሚፈለገው ማመልከቻ ሳይቀርብ ታሪኳ ለዳኝነት ሸንጎ (ጥፋተኛነትን ለሚወስኑት ተራ ዜጎች) ተዘከዘከ፤ ተከሳሹም ነጻ ወጣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019 ስህተቱን አርሞ፣ ዳኞች ሸንጎውን በነባር ሕዝቦች ሴቶች ላይ ካለ ጭፍን ጥላቻ እንዲያስጠነቅቁ አሳሰበ። በድጋሚ ክርክሩ ተከሳሹ በ2021 ጥፋተኛ ሆነ።

ለአገራችን ሴቶች በካናዳ ፍርድ ቤት ሳስተረጉምም ያስተዋልኩት ይኸው ነው፤ ስለ መጋረጃው የሚነገራቸው ችሎቱ ውስጥ ከቆሙ በኋላ ነው። ስለዚህ ሴትን የምትደግፉ ሁሉ፣ አጃቢን፣ መጋረጃን ወይም የቪዲዮ ምስክርነትን ከችሎቱ ቀን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የቀድሞ የወሲብ ታሪኳ ይቅረብ የሚል ማመልከቻ ከመጣም፣ ከ2018 ወዲህ በራሷ ጠበቃ መከራከር ትችላለች። መጋረጃውንም ሆነ ቪዲዮውን ዐቃቤ ሕጉ ባያነሳው እንኳ ምስክሯ ራሷ ማመልከት ትችላለች።