ሎጎ ሪቪል ምንድን ነው?

ሎጎ ሪቪል የአንድ ድርጅት ዓርማ በቪዲዮ መክፈቻ ወይም መዝጊያ ላይ ከባዶ ስክሪን ተነሥቶ፣ በእንቅስቃሴና ብዙ ጊዜም በድምፅ ታጅቦ፣ በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ ሙሉ መልኩን ይዞ የሚቆምበት አጭር አኒሜሽን ነው። የሚሠራውም በሞሽን ግራፊክስ፣ ማለትም ቅርጽና ጽሑፍን በሚያንቀሳቅስ፣ ሶፍትዌር ነው። ከእነዚህ በስፋት የሚታወቀው አፍተር ኢፌክትስ በ1993 እ.ኤ.አ. ኮሳ በተባለ አነስተኛ የአሜሪካ ኩባንያ ለገበያ ቀርቦ በ1994 በአዶቤ እጅ ገብቷል፤ ክፍያው የሚከብደው ሰው ደግሞ በነፃ በሚገኘው ብሌንደር፣ ወይም በዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃ ቅጂ ውስጥ ባለው ፊውዥን ሊሠራው ይችላል።

የሥራው መሠረት ኪፍሬም ነው። ባለሙያው የዓርማው ክፍል በአንድ ቅጽበት የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሚገዝፍ ወይም እንደሚደበዝዝ ይመዘግባል፤ በሌላ ቅጽበትም እንዲሁ ያደርጋል፤ በመካከል ያሉትን ፍሬሞች፣ ማለትም ቪዲዮው የተገነባባቸውን ነጠላ ምስሎች፣ ሶፍትዌሩ ያሰላቸዋል። በሰኮንድ 25 ፍሬም በሚሄድ ቪዲዮ የ4 ሰኮንድ ሪቪል 100 ፍሬሞች ሲኖሩት፣ ባለሙያው በእጁ የሚወስነው ጥቂቶቹን ብቻ ነው። አፍተር ኢፌክትስ እንዲሁ ከተተወ ግን እንቅስቃሴውን ከዳር እስከ ዳር በእኩል ፍጥነት ስለሚያስኬደው ነገሩ ሕይወት ያጣል፤ ዓርማው ወደ ማረፊያው ሲቃረብ ፍጥነቱን እንዲያበርድ ማድረግ፣ ማለትም ኢዚንግ፣ ከየትኛውም ብልጭታ የበለጠ ሥራውን ያስከብረዋል።

በደሴ የሚገኝ አንድ የሰርግ ቪዲዮ ቤት ዓርማው የጦሳ ተራራ ገጽታን የሚያሳይ አንድ መስመር፣ ከሥሩም «ደሴ» የሚል ጽሑፍ ነው እንበል። በቅድሚያ ዓርማው ክፍሎቹ ለየብቻ በሌየር (በተደራራቢ ንጣፍ) የተቀመጡበት የቬክተር ፋይል፣ ማለትም ቢያጎሉት ጥራቱ የማይቀንስ ሥዕል፣ መሆን አለበት፤ በቴሌግራም የተላከ ጄፔግ ተጨምቆ የመጣና ሁሉንም በአንድ ያጣበቀ ምስል ስለሆነ ለዚህ አይመችም። የተራራው መስመር ቀላል ነው፤ ትሪም ፓዝስ የተባለው መሣሪያ ከ0 እስከ 100 በመቶ ሲሄድ መስመሩ ከግራ ወደ ቀኝ ራሱን ይሥላል።

ጣጣው ያለው ፊደሉ ላይ ነው። የፎንት ፊደል በጠርዙ ብቻ የተከለለ ቅርጽ በመሆኑ ትሪም ፓዝስ ሲሠራበት በፊደሉ ዙሪያ ይዞራል እንጂ እንደ ብዕር አይጽፍም። ስለዚህ ባለሙያው በእያንዳንዱ ፊደል መካከል የሚያልፍ መስመር በፔን ቱል ይሥላል፣ መስመሩን ፊደሉን እስኪሸፍን ድረስ ያወፍረዋል፣ ከዚያም ፊደሉ መስመሩ በደረሰበት ልክ ብቻ እንዲታይ በትራክ ማት ያያይዛቸዋል። እዚህ ላይ የአጻጻፍ ቅደም ተከተል መከበር አለበት፤ የ«ሴ» ቀለበት ከቀኝ እግሯ ግርጌ የተያያዘች ስለሆነች፣ እግሩ ሳይወርድ ቀለበቱ ብቅ ካለ ፊደል ቆጥሮ ያደገ ተመልካች ሁሉ ወዲያው ይሰቀጥጠዋል። ተዘጋጅቶ የሚወርድ ቴምፕሌት ይህን አያውቅም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የተሠራበት ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው በሌላ ፎንት ይተካዋል ወይም ባዶ ሳጥን ያሳያል።

ስሙ ከተጻፈ በኋላ ዓርማው ሳይነቃነቅ ቢያንስ ለአንድ ሰኮንድ መቆየት ይኖርበታል። ብዙ ወጣት ኤዲተሮች ይህችን ሰኮንድ በብርሃን ጨረርና በሚሽከረከር ወርቅ ሲሞሏት ይታያል፤ በእኔ አስተያየት የደንበኛውን ስም የሚያስነብበው ግን እርጋታው ነው። ድምፅ ካለም ምቱ ዓርማው በሚያርፍበት ፍሬም ላይ ቢውል ይመረጣል።

በመጨረሻ የሚመጣው ፋይሉን ማውጣት ነው። ሪቪሉ በሙሽሮቹ ምስል ላይ እንዲያርፍ ከተፈለገ ጀርባው ከሥሩ ያለውን ምስል የሚያሳይ ግልጽ ሆኖ መውጣት አለበት። የተለመደው ኤች.264 ፎርማት ይህን ግልጽነት የሚመዘግበውን አልፋ ቻናል ስለማይዝ ዓርማውን ከነጥቁር ጀርባው አምጥቶ ሙሽሮቹን ይሸፍናቸዋል፤ ፕሮሬስ 4444 በተባለው ፎርማት ከነአልፋው ከወጣ ግን ፋይሉ ቢከብድም በማንኛውም ቪዲዮ ላይ እንዳለ ሊቀመጥ ይችላል።