ሩት ካናል፦ ነርቩ ይወጣል፣ ጥርሱ ይቀራል

የጥርስ ህመም ሌሊት ይብሳል። ቀን እንደምንም የተቻለው ጥርስ ጋደም ሲሉ ይጠዘጥዛል፤ ልብ በመታ ቁጥር አብሮ ይመታል። ጥርስ ከውጭ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ መሃሉ ላይ ነርቭና የደም ስር ያለበት ለስላሳ ሥጋ አለ። ይህ ሥጋ ሲቆጣ ያብጣል። ጉንጭ ቢሆን ቆዳው ይለጠጥለት ነበር። ጥርስ ውስጥ ግን ዙሪያው ጠንካራ ግድግዳ ነው፤ መሄጃ የለውም። ስንተኛ ደግሞ ወደ ጭንቅላት የሚሄደው ደም ይጨምራል፣ ግፊቱም አብሮ።

ሩት ካናል ይህን የታመመ ሥጋ አውጥቶ፣ የነበረበትን ቀጭን ቦይ አጽድቶ መድፈን ነው። በእኛ አፍ «ነርቭ ማስወጣት» ይባላል። ጥርስ ያለ ነርቭ እንዴት ይኖራል? ሥጋው ዋና ሥራውን የሚሠራው ጥርሱ አድጎ እስኪጨርስ ነው። ከዚያ በኋላ ጥርሱን ይዞ የሚያቆመው ከመንጋጋ አጥንት ጋር የሚያስተሳስረው ጅማት ነው። እሱ ደግሞ አይነካም።

ወደዚህ የሚያደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ሳይታከም የቆየ የተበላ ጥርስ ነው። ስንጥቅ ወይም ምት ያመጣውም አለ። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ውር ብሎ ወዲያው የሚተው ጥርስ በሙሌት ሊድን ይችላል። ውሃው ከተዋጠ በኋላ ህመሙ ከቆየ፣ ወይም ያለ ምክንያት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰ፣ ነገሩ ነርቭ ደርሷል። ብዙዎችን የሚያታልለው ግን ህመሙ ድንገት ጸጥ ሲል ነው። «ተወኝ» ይባላል። ነርቩ ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ጀርሞቹ ግን ወደ አጥንቱ ይወርዳሉ፣ ከወራት በኋላ በመግልና በእብጠት ይመለሳሉ። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥም እዚህ ላይ አይሠራም። የሞተ ሥጋ ደም ስለማይደርሰው መድኃኒቱም አይደርሰውም። ቅርንፉድ መንከስ እንኳ የተሻለ ምክንያት አለው። ውስጡ ያለው ዩጂኖል ነርቭ ያደነዝዛል፤ በጥርስ ክሊኒክ ከሚሠሩት ጊዜያዊ ሙሌቶች አንዱም በእሱ ይለወሳል። ክሊኒኩ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚሸተው ለዚህ ነው። ማስታገስ ግን ማዳን አይደለም። እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ፣ ወይም መዋጥና መተንፈስ ካስቸገረ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ፍርሃቱ ከየት መጣ? አንዱ ምንጭ ያለፈው ዘመን ነው። ዛሬ በብዛት የምንወጋው ማደንዘዣ፣ ሊዶኬይን፣ የተገኘው በ1943 እ.ኤ.አ. ነው። ስዊድናዊው ኒልስ ሎፍግረን ቀመመው፤ ባልደረባው ቤንግት ሉንድክቪስት ደግሞ በራሱ ገላ ላይ እየወጋ ሞከረው። ሌላው ምንጭ ወሬ ነው። በ1910 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ሀንተር ሞንትሪያል ላይ ባደረገው ንግግር፣ የአፍ ኢንፌክሽን የብዙ በሽታ ምንጭ ነው አለ። አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ዌስተን ፕራይስ በ1920ዎቹ ጣቱን በቀጥታ ሩት ካናል ላይ ቀሰረ። በዚህ ሰበብ ስንት ደህና ጥርስ ተነቀለ። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች የፕራይስን ድምዳሜ አልደገፉትም። ሩት ካናል ካንሰር ያመጣል የሚለው የማኅበራዊ ሚዲያ ወሬ ግን የዚያው የልጅ ልጅ ነው።

ወንበሩ ላይ የሚሆነው ይህን ያህል አያስፈራም። መጀመሪያ ራጅ ይነሳል። ማደንዘዣው ይወጋል። ስስ ላስቲክ አፍ ላይ ተወጥሮ የታመመው ጥርስ ብቻውን ብቅ ይላል። ጥርሱ ከላዩ ይበሳና ፀጉር የሚያህሉ ቀጫጭን ሞረዶች (ፋይሎች) ወደ ቦዩ ይገባሉ። ርዝመቱን የሚለካው መሣሪያ ጢጥ ጢጥ ይላል። ያ የሚሸተው ደግሞ የቤታችን በረኪና ነው፤ ቦዩ የሚታጠበው በእሱ ዓይነት ፈሳሽ ነው፣ ላስቲኩም አንዱ ሥራው ይህ ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ መያዝ ነው። መጨረሻ ላይ ቦዩ በጉታ ፐርቻ ይደፈናል። ይህ ሲሞቅ የሚለሰልስ የማሌይ አገር ዛፍ ወተት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባሕር ስር የተዘረጋው የቴሌግራፍ ሽቦም የተጠቀለለው በእሱ ነበር።

ምንም አያምም ብዬ ግን አልዋሽም። በጣም የተቆጣ ጥርስ፣ በተለይ የታችኛው መንጋጋ ጥርስ፣ ማደንዘዣውን አንዳንዴ እምቢ ይላል፤ የተቆጣ ሥጋ አሲድ ስለሚበዛው መድኃኒቱን ያዳክመዋል። ሐኪሙ ሌላ መርፌ ሊጨምር ይችላል። ችግሩ የእኛ ይሉኝታ ነው። እያመመን «ደህና ነኝ» እንላለን። ከመጀመሩ በፊት «ካመመኝ እጄን አነሳለሁ» ብሎ መስማማት ነው፤ ማንም አይቀየምም።

ሁልጊዜም አይሳካም። የላይኛው ትልቁ መንጋጋ ጥርስ ብዙ ጊዜ አራተኛ ቦይ ይደብቃል፤ እሱ ከታለፈ ህመሙ ሊመለስና ሥራው እንደገና ሊሠራ ይችላል። አብዛኛው ግን ይዞ ለዓመታት ያገለግላል፣ ክራውን፣ ማለትም ጥርሱን ከላይ የሚሸፍን ቆብ፣ ከለበሰ። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው፤ በመቦርቦርና በመብሳት የሳሳ መንጋጋ ጥርስ ግን ያለ ሽፋን ሊሰነጠቅ ይችላል። ከሥራው በኋላ ለጥቂት ቀን ሲነክሱበት ይቆጠቁጣል። ክራውኑ እስኪገባ ድረስ ቆሎ በሌላኛው ጎን ነው።