ጋቢና ውስጥ ያለው አልጋ ላይ ተኝቶ መሄድ ይቻላል እንዴ?

ከጎንደር ወደ መተማ ወይ ወደ ደባርቅ በጭነት መኪና የሚሄድ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ፣ ከወንበሩ ጀርባ ፍራሽ ስላለ ልጅም ሆነ የደከመው ሰው እዛ ጋደም ብሎ መንገድ መቀጠል የሚቻል ይመስለዋል። አልጋው ግን በዋናነት መኪናው ቆሞ ሹፌር እንዲያርፍበት ነው የተሰራው።

አሜሪካ ለምሳሌ ከሐምሌ 1971 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሰራ አልጋ ያለው ከባድ መኪና ፍሬን ሲያዝ የተኛውን ሰው እንዳይወረወር የሚይዝ ነገር እንዲኖረው ህጉ ያስገድዳል፣ ያውም ወደፊት 2,700 ኪሎ ገደማ የሚሆን ጉልበት ሲስበው የሚችል። እስቲ የምትሳፈሩበትን መኪና መጋረጃውን ገለጥ አድርጋችሁ እዩት። ፍራሽና ብርድልብስ ብቻ ከሆነ ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ድንገት ሲረገጥ የተኛው ሰው በወንበሮቹ መሀል አልፎ የፊት መስታወት ላይ ነው የሚያርፈው፣ መጋረጃ ሰው አይዝም! መኪናው እየሄደ ከሆነ ወንበር ላይ፣ ቀበቶ ታስሮ፣ በቃ።

ቆሞ ማደር ሌላ ነው፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ ጎማው ታኮ ከተደረገበት መተኛት ይቻላል። የደባርቅ ሌሊት ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል አውቃለሁ፣ ግን እባካችሁ ሞተር አስነስቶ ማደር ወይ ከሰል ጋቢና ማስገባት በፍፁም አይሆንም፣ መስኮት ገርበብ ቢልም እንኳ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ነው የሚገድለው። ጋቢ ደርቡ፣ ካልሲ አድርጉ፣ ለአየር መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርጉት።