የፌር አይል ሹራብ፦ ከባሕር መንገድ የተገኘ ጥለት

ፌር አይል ከስኮትላንድ በስተሰሜን፣ በኦርክኒና በሼትላንድ ደሴቶች መካከል የምትገኝ ትንሽ ደሴት ናት። ርዝመቷ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነዋሪዎቿ መቶ አይሞሉም። በስሟ የሚጠራው ሹራብ ግን ዓለምን አዳርሷል።

ሹራቡን በአግድም በተደረደሩት ባለቀለም ጥለቶቹ መለየት ይቻላል። ብዙ ቀለም ያለው ይመስላል እንጂ በአንድ ዙር የሚገባው ሁለት ቀለም ብቻ ነው። ተራው ያልደረሰው ክር በውስጥ በኩል ያልፋል። በዚህ ምክንያት ልብሱ ድርብ ይሆናል፤ ለባሕር ብርድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የደሴቲቱ ሴቶች ቀዳዳ ያለው የቆዳ ቀበቶ ይታጠቁና የአንዱን መርፌ ጫፍ እዚያ ይሰካሉ። እጃቸው ስለሚቀልላቸው እየተራመዱ ጭምር ይሠራሉ። ይህ ፍጥነት ከልጅነት ጀምሮ የሚገኝ ሙያ ነው።

ጥለቱ ከየት መጣ? ብዙ ሰው የሚያወራው የስፔኖቹን ታሪክ ነው። እንግሊዝን ለመውረር ከዘመቱት መርከቦች አንዷ፣ ኤል ግራን ግሪፎን፣ በአውሮፓውያኑ 1588 ፌር አይል ዳርቻ ላይ ተሰበረች። ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ከመርከቧ ወርደው ለሳምንታት እዚያው ከረሙ። ምግብ አለቀ፤ ከመካከላቸው የሞቱም ነበሩ። እስከዚህ ያለው እውነት ነው። ጥለቱን ለደሴቲቱ ሴቶች ያስተማሩት እነሱ ናቸው የሚለው ግን ማስረጃ የለውም። ወሬው በጽሑፍ የታየው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የተራበ መርከበኛ ለባለሙያ ሴት ሹራብ አስተማረ ማለትም አያሳምንም።

ይልቅ የሚያስኬደው የንግዱ መንገድ ነው። ተቀራራቢ ጥለቶች በኖርዌይና በባልቲክ አገሮች አሉ፤ የሼትላንድ ሰዎችም ከእነዚህ ወደቦች ጋር የቆየ ግንኙነት ነበራቸው። ሰማያዊው የኢንዲጎ ቀለም በመርከብ የመጣ ነው። የፌር አይል ሰዎች ደግሞ በትናንሽ ጀልባዎች እየቀዘፉ ወደሚያልፉ መርከቦች ይጠጉና ካልሲና ኮፍያ በምግብ ይለውጡ ነበር። እንግዳ ዕቃ ያየችው ሴት የወደደችውን ወስዳ፣ በራሷ ቀለም አዋህዳ የራሷ አደረገችው።

በ1902 ስኮትላንዳዊው አሳሽ ዊልያም ስፒርስ ብሩስ ወደ አንታርክቲካ ሲዘምት ለቡድኑ የፌር አይል ሹራብ አሠራ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1920ዎቹ ነው። የሼትላንድ ዋና ከተማ ከሆነችው ከለርዊክ አንድ ነጋዴ ለብሪታንያው አልጋ ወራሽ፣ ለዌልሱ ልዑል ኤድዋርድ፣ ሹራብ በስጦታ ላከ። ልዑሉም በ1922 ሴንት አንድሩስ በተባለው የታወቀ የጎልፍ ከተማ ለብሶት ታየ። በ1925 ደግሞ ሠዓሊው ጆን ሴንት ሄልየር ላንደር በዚሁ ዓይነት ሹራብ ሣለው። ከዚያ በኋላ ገበያው ደራ፤ ትእዛዙ ከፌር አይል አልፎ ለመላው ሼትላንድ ደረሰ። ዝናው ብዙ ጊዜ ለልዑሉ ይሰጣል፤ ሥራው ግን የሴቶቹ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኖርዌያውያን ስደተኞች ወደ ሼትላንድ መጡ። ትልልቆቹ የኮከብ ጥለቶች የተስፋፉት ያኔ እንደሆነ ይነገራል። በ1970ዎቹ የነዳጅ ሥራ ወደ ሼትላንድ ሲመጣ የእጅ ሹራብ ቀነሰ።

ዛሬ ስሙ የማንም ፋብሪካ መጠሪያ ሆኗል፤ ይህ ያሳዝናል። በደሴቲቱ ግን በእጃቸውና በእጅ በሚንቀሳቀስ ማሽን የሚሠሩ ባለሙያዎች አሁንም አሉ። የቆዩ ሥራዎችን ማየት የሚፈልግ ለርዊክ የሚገኘው የሼትላንድ ሙዚየም መሄድ ይችላል። ከአውሮፓውያኑ 2010 ጀምሮ ደግሞ በየዓመቱ በመኸር ወራት የሼትላንድ የሱፍ ሳምንት ይከበራል፤ ሹራብ ሠሪዎች ከብዙ አገር ተጉዘው ከሼትላንድ ሴቶች ይማራሉ።