ካልሲየምና ጡንቻ፦ መኮማተር ብቻ ሳይሆን መላላትም ሥራ ነው

ካልሲየም ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታወሰው አጥንትና ጥርስ ነው። ልክ ነው፤ በሰውነታችን ካለው ካልሲየም 99 በመቶ ያህሉ እዚያ ነው የሚገኘው። ጡንቻ መቼ እንደሚኮማተርና መቼ እንደሚላላ የምትወስነው ግን የቀረችው ትንሽ ድርሻ ናት።

ይህ የታወቀው በስህተት ነው ማለት ይቻላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሲድኒ ሪንገር ከእንቁራሪት የወጣ ልብ በጨው ውሃ ውስጥ እያኖረ ይመራመር ነበር። ልቡ ደህና ይመታል። ኋላ ሲታይ ግን ጨው የተበጠበጠበት ውሃ የተጣራ ሳይሆን የለንደን የቧንቧ ውሃ ሆኖ ተገኘ። በተጣራ ውሃ ሲሞክረው ልቡ ብዙም ሳይቆይ ቀጥ አለ። የቧንቧው ውሃ ካልሲየም ነበረበት። ሪንገር ይህን እ.ኤ.አ. በ1883 ጽፎ አወጣ።

በጡንቻ ሴል ውስጥ ሁለት ዓይነት ክሮች አሉ፦ ቀጭኑ አክቲን፣ ወፍራሙ ማዮሲን። ማዮሲን አክቲንን ያዝ፣ ጎተት፣ ለቀቅ እያደረገ ይስበዋል። ክሮቹ ራሳቸው አያጥሩም፤ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ጡንቻው ሲያርፍ ማዮሲን የሚይዝበት ቦታ ትሮፖማዮሲን በተባለ ገመድ መሰል ፕሮቲን ይሸፈናል። ካልሲየም መጥቶ ትሮፖኒን የተባለው ፕሮቲን ላይ ሲያርፍ ገመዱ ገለል ይላል። መሳሳቡም ይጀምራል። ትሮፖኒንን በ1960ዎቹ ያገኙት ጃፓናዊው ሴትሱሮ ኤባሺና ባልደረቦቻቸው ናቸው።

ካልሲየሙ ከየት ይመጣል? ሴሉ ውስጥ ሳርኮፕላዝሚክ ሬቲኩለም የሚባል መረብ መሰል ጎተራ አለ። የነርቭ መልእክት ሲደርስ የጎተራው በሮች ይከፈቱና ካልሲየሙ ግልብጥ ብሎ ይወጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በሺህኛ ሰከንዶች ውስጥ ነው። ይህን ያህል የሚያፈጥነው የመጠኑ ልዩነት ነው፤ ባረፈ ሴል ውስጥ፣ ከጎተራው ውጭ ያለው ነጻ ካልሲየም በጎተራው ውስጥ ካለው በሺዎች እጥፍ ያንሳል።

ብዙዎቻችን መኮማተር ጉልበት ይፈልጋል፣ መላላት ግን እረፍት ነው ብለን እናስባለን። ለሴሉ እንዲያ አይደለም። የወጣው ካልሲየም በራሱ አይመለስም። ሰርካ የተባለ ፓምፕ እየለቀመ ወደ ጎተራው ይመልሰዋል፤ ሁለት ካልሲየም ለመመለስም አንድ ኤቲፒ (ሴሉ ለሥራው ጉልበት የሚያገኝበት ሞለኪውል) ይከፍላል። ማዮሲንም ቢሆን የያዘውን አክቲን የሚለቀው አዲስ ኤቲፒ ሲያገኝ ነው። ሰው ከሞተ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ሰውነቱ ድርቅ የሚለው ለዚህ ነው። ኤቲፒ አልቋል፤ ካልሲየሙን የሚመልስ የለም፣ ማዮሲኑም እንደያዘ ይቀራል። በአንድ ሁለት ቀን የሚላላው ፕሮቲኖቹ መበስበስ ሲጀምሩ ነው።

ልብ ትንሽ ይለያል። መጀመሪያ ከውጭ ጥቂት ካልሲየም ይገባል፤ ያ ጥቂቱ የጎተራውን በር ያስከፍታል። የደም ሥርና የአንጀት ጡንቻ ደግሞ ትሮፖኒን የለውም፤ ካልሞዱሊን በተባለ ሌላ ፕሮቲን ይሠራል። እንደ አምሎዲፒን ያሉ የደም ግፊት መድኃኒቶች ካልሲየም ወደ ደም ሥር ጡንቻ የሚገባበትን በር ስለሚዘጉ ሥሩ ይላላል።

አንድ ግር የሚል ነገር አለ። ደም ውስጥ ካልሲየም ሲያንስ ጡንቻ ይሸማቀቃል እንጂ አይላላም። ምክንያቱ ያለው ጡንቻው ጋ ሳይሆን ነርቩ ጋ ነው፤ ካልሲየም ሲጎድልበት ነርቭ በትንሽ በትልቁ እየተነሳ መልእክት ይልካል።

የጎተራው በር ራሱ ሲበላሽ የሚመጣው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። በዘር የሚወረስ እንከን ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች የተወሰኑ የማደንዘዣ ጋዞች ሲሰጧቸው በሩ ተከፍቶ ይቀራል። ጡንቻው ይገተራል፤ ፓምፑም የፈሰሰውን ለመመለስ ኤቲፒውን ያለ ማቋረጥ ይጨርሳል። የሰውነት ሙቀት በፍጥነት ይንራል፤ ቶሎ ካልታከመም ይገድላል። መድኃኒቱ ዳንትሮሊን ይባላል። የሚሠራው እዚያው በሩ ላይ ነው፤ የካልሲየሙን መፍሰስ ይገታል።